ያልተቆጠረው ሩጫ

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዘይኑልአቢዲን
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝን ደብዳቤ ስማቸው የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ትናንት ሜዳ ድረስ አመጣልኝ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከደረሰኝ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተላከ መስሎኝ ነበር። ጆሮዎ ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ እንደማይሰማልዎ ስለነገሩኝ እኔም በወረቀት እመልሳለሁ። እግዚአብሔር ያሽልዎ።

«ልጄ ሙዓዝ ሰነፍ ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ክለቡ ውሉን አላድስም ያለበት ወረቀት ላይ «የሩጫ መጠኑ ከቡድኑ በታች የሆነ» የሚለውን ቃል ያስገባሁት እኔ የአካል ብቃት አሰልጣኙ ስለሆንኩ፣ መልሱም ከእኔ መምጣት አለበት።

ሰነፍ አላልኩም። ያልኩት መሣሪያው ያሳየውን ነው። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሆነም ጠይቀዋል። ልጆቹ በልምምድና በጨዋታ ጊዜ ከማልያው ሥር ጠባብ ሰደርያ ይለብሳሉ። ከኋላ፣ በሁለቱ ትከሻ መሐል፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ትገባለች። እሷ ከሳተላይት ጋር እየተገናኘች ልጁ ስንት ሜትር እንደሮጠ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጠ ትመዘግባለች። ስንጨርስ ኮምፒውተር ላይ እናየዋለን። ዘንድሮ የመሐል ሜዳ ልጆቻችን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ዘጠኝ ኪሎሜትር ተኩል ሮጠዋል። የሙዓዝ ሰባት ኪሎሜትር ከስምንት መቶ ነው። አንድ ቀን ቢሆን ድካም ነው እል ነበር። ግን አሥራ አንድ ጨዋታ ሙሉ እንዲሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ልጅዎን ለማሳነስ አይደለም። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰዓት አያረፍድም፣ ሰው አይናገርም። ነገር ግን ሰው ያዳላ ይሆናል እንጂ ማሽን አያዳላም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክለብ ሲሞክር ጉልበቱ ላይ ቢሠራ መልካም ነው። ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ
ፈንታሁን


ደሴ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሰልጣኝ ፈንታሁን

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። መልሴ የዘገየው መንገዱ ተዘግቶ ስማቸው አራት ቀን ስላልወጣ ነው። የቀረውን ቀን ያዘገየሁት እኔው ነኝ።

«ሙዓዝ ስልኩ አይሠራም፣ የት ሄዶ ነው?» ብለህ በስማቸው አፍ ልከህብኛል። ገራዶ አክስቱ ዘንድ ነው። የክረምት ሥራ በዝቶባቸው ያግዛቸዋል። ስልኩን ዝናብ አበላሽቶበት ይሆናል።

ደብዳቤህን ለሙዓዝ አሳይቼዋለሁ። ስላስረዳኸኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ለአንድ ልብስ ሰፊ ይህን ያህል አይጽፍም ነበር። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ድፍረት አይሁንብኝ።

እኔ መቀስ ከያዝኩ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የኮት ብብት ስትለካ ሜትሩን ከጉብጠቱ ጋር አብረህ ማዞር አለብህ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርገህ ከሳብከው ሁለት ሦስት ጣት ያጥርብሃል። ኮቱ ሲለበስ ነው ስህተትህ የሚታየው። ጀማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ያበላሻል፤ እኔም የመጀመሪያውን ኮት ያበላሸሁት እዚያ ላይ ነው።

ሙዓዝን ሆጤ ሜዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆሜ አይቼዋለሁ። ረጅም ሩጫ ሮጦ አያውቅም። ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ ሦስት ወዲያ፣ ዞር፣ ቆም፣ ደግሞ ዞር። ኳሷን የሚነጥቀው እንዲያ ነው። ታዲያ ይቺ የክብሪት ቀፎ ዙሩን ታውቃለች ወይ? ወይስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጋ ነው የምትስበው? ታውቃለች ካልከኝ ወላሂ አምኜህ ዝም እላለሁ።

ዘይኑልአቢዲን


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘይኑ

እንዲህ ብዬ ስጠራዎ ደፈረኝ አይበሉ። ከዚህ በኋላ «የተከበሩ» እያልኩ ከሩቅ መጻፍ አልቻልኩም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ተናድጄ ነበር። አራት ዓመት የተማርኩበትን ነገር ከኮት ጋር ሲያወዳድሩብኝ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሳምንት ሙሉ ግን ልምምድ ላይ ልጆቹ በዞሩ ቁጥር ያ ብብት ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ሜዳው ባዶ በነበረበት ቀን ረጅሙን ሜትር ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ሙዓዝ ይለብሳት የነበረችውን መሣሪያ ራሴ ለበስኩ።

መጀመሪያ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብዬ ሮጥኩ። መሣሪያዋ ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት አለች። ደስ አለኝ፤ ልክ ነኝ አልኩ። ከዚያ በአምስት ሜትር ርቀት ሁለት የልምምድ ኮን አቁሜ በመካከላቸው አርባ ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለት መቶ ሜትር ማለት ነው። መሣሪያዋ መቶ አርባ ስድስት አለች። ደገምኩ፤ መቶ ሃምሳ አንድ። ሌላ መሣሪያ ለብሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። እግሬ እስኪንቀጠቀጥ አምስት ጊዜ ሞከርኩ ጋሼ፣ አንድም ጊዜ ሁለት መቶ አልሞላልኝም።

እነዚህ መሣሪያዎች ሌላ ክለብ ተጠቅሞባቸው ወደ እኛ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ያለንበትን ቦታ የሚመዘግቡት በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአንዷ ሰከንድ ውስጥ ልጁ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ የነበረበት ቢቆም፣ ለእሷ አልተንቀሳቀሰም። በመስመር ላይ የሚሮጡትን ክንፎች በደንብ ትቆጥራለች። መሐል ላይ እየዞረ ኳስ የሚነጥቀውን ግን ከሩጫው ታስቀርበታለች። በስልክ የተቀረጸ የመጋቢት ጨዋታ ነበረን። ሣሩ ላይ ያሉትን መስመሮች ይዤ፣ እያስቆምኩ፣ እርምጃውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መሣሪያዋ ለዚያ ጨዋታ ሰባት ከሰባት መቶ ነበር ያለችው። እኔ ያገኘሁት ዘጠኝ ኪሎሜትር ከአራት መቶ ነው።

ሰነፍ አልነበረም ጋሼ። ሌላው የሮጠውን ሮጧል።

ሌላም ያልነገርኩዎ አለ። ሚያዝያ ላይ ከልምምድ በኋላ ሙዓዝ ጫማውን ሳያወልቅ መጣ። «አሰልጣኝ፣ ይኼ ነገር እኔን አይቆጥረኝም» አለኝ። ሳቅሁበት። «ማሽን ጥርስ ነክሶብሃል?» አልኩት። «እሺ በሜትር እንለካው። አንድ ቀን ብቻ» አለኝ። «ስትሮጥ ይቆጥርሃል» ብዬ መለስኩት። ልጆቹ ሁሉ ሰምተው ሳቁ። ያን ቀን ሜትሩ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

መሣሪያዋ የቻለችውን ነው የሠራችው። ያላየችውን «አልተሠራም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዋና አሰልጣኙን አሳምኜዋለሁ። መስከረም ልምምድ ሲጀመር ሙዓዝ ይመለስ ብሏል። እባክዎ ከገራዶ ያስጠሩትና ነገ ዛሬ ሳይሉ ይላኩት። መነኸሪያ ወጥቼ እቀበለዋለሁ።

ፈንታሁን


ደሴ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈንታሁን

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ ዙበይዳ ደግሞ ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። ኸይር ያሰማህ። ስህተቱን ያገኘው ሰው ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አንተ ዝም አላልክም።

ያልከውን ሁሉ በአጭሩ፣ ለማንም በሚገባ ቃል፣ የክለቡ ማኅተም አርፎበት ጻፍልኝ። ከሩቅ ቢነበብ የሚገባ ይሁን።

«ነገ ዛሬ ሳይሉ ይላኩት» ላልከው፣ ሙዓዝ ለጊዜው አይመቸውም። ቅር እንዳይልህ።

ዘይኑልአቢዲን


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘይኑ

እንደምን ሰነበቱ? ለመውሊድ እንኳን አደረሰዎ።

ማኅተሙ አልሆነልኝም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምንይሉ «ዛሬ ለአንዱ ተሳስተናል ብለን ከጻፍን፣ ነገ የተቀነሰው ሁሉ ሜትር ይዞ ይመጣል» አለኝ። «ቢመጡስ? እንለካቸዋለን» ብዬ ስመልስለት ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ስለዚህ በራሴ ስምና ፊርማ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ማኅተም ባይኖረውም ሐሰት የለበትም።

ሌላው ደግሞ፣ እንዳይቀየሙኝ። ባለፈው እሁድ ገራዶ ሄጄ ነበር። ሙዓዝን ራሴ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ነው። እህትዎን እትዬ ኡሙሰልማን ቤታቸው አገኘኋቸው። ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ፣ እርጎ ሰጡኝ። «ሙዓዝስ?» ስላቸው «ከአረፋ ወዲህ ዓይኑን አላየሁት» አሉኝ። ከዚያ ምን እንዳሉ ሲገባቸው በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ጋሼ ዘይኑ፣ ሙዓዝ የት ነው?

ፈንታሁን


ደሴ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፈንታሁን

ዋሽቼሃለሁ። አውፍ በለኝ።

ሙዓዝ የወጣው ሐምሌ 11 ቀን ነው። የሆጤው ልጅ አቤ አብሮት አለ። በባቲ አድርገው፣ አፋርን አቋርጠው፣ አሁን ጅቡቲ ኦቦክ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ ናቸው። ደላላ ነው የወሰዳቸው። ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳውዲ ነው ሐሳባቸው። የብብቱን ነገር ስጽፍልህ ልጁ ከሄደ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። አንድ ሰው ኮት ላሰፋ ብሎ መጥቶ ስለካው ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ብልጭ ብሎልኝ ቢሆን!

ለምን ሄደ ብለህ ትጠይቀኛለህ። አልጠየቅከኝም፤ ግን ልንገርህ። ክለቡ ሲያሰናብተው አልሄደም። ቤት ቁጭ ብሎ «ሌላ ክለብ አገኛለሁ» ይል ነበር። እኔም አምኜው ነበር። ላንተ የጻፍኩልህ «ሰነፍ አይደለም» እንድትለኝና ወረቀቱን ለጎረቤት እንዳሳይ ነበር። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲመጣ አሥራ አንድ ጨዋታ የሚለውን አነበብኩ። ማሽን አያዳላም የሚለውንም አነበብኩ። ሱቅ ጠርቼው ወረቀቱን ፊቱ ላይ ያዝኩለት።

ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ጨርቅ በማሰምርበት ኖራ ነው፤ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ይጽፍልኛል። «አባ፣ ሮጫለሁ» ብሎ ጻፈ። በመዳፌ ጠረግኩት። ደግሞ ጻፈው። «እኔ እግሬ እያበጠ ቀን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ አንተ ሜዳ መሐል ቆመህ ታያለህ? የምዋረደው በአንተ ነው ወይ?» አልኩት። ደግሜ ጠረግኩት። ሦስተኛ አልጻፈም። ኖራውን ቦታው መልሶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ባዶ ነበር።

አቤ ስልክ አለው። በየጁምዓው ለዙበይዳ ይደውላሉ። ባሕሩ ነፋስ ስለበዛበት ጀልባው ገና አልተነሣም ብለዋል። ያንተን ወረቀት ብናነብለት አያምነንም፤ እኛ ልናስመልሰው የፈጠርነው ይመስለዋል። ድምጽህን ያውቀዋል። በስልክ ቀርጸህ ለዙበይዳ ላክላት። ቁጥሯ ከታች አለ።

መውሊድን ያለ እሱ ዋልን። እናቱ ሳህኑን አውጥታ መልሳ አስገባችው።

ዘይኑልአቢዲን


ኮምቦልቻ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘይኑ

ድምጹን ለዙበይዳ ልኬላታለሁ፤ ደርሶኛል ብላኛለች። እርስዎ ስለማይሰሙት ያልኩትን እዚህ እጽፍልዎታለሁ።

«ሙዓዝ፣ እኔ አሰልጣኝ ፈንታሁን ነኝ። በሜትር እንለካው ብለኸኝ ነበር፤ ለካሁት። አንተ ነህ ልክ። የመጋቢቱን ጨዋታ ዘጠኝ ኪሎሜትር ከአራት መቶ ሮጠሃል። ልጆቹ ፊት ሳቅሁብህ፤ እነዚያው ልጆች ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ስምህ ዝርዝሩ ላይ አለ። ተመለስ። መመለስ ማፈሪያ አይደለም፤ የሚያፍረው እኔ ነኝ።» ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኩት።

ለልጆቹ የነገርኳቸው እውነት ነው። ሁሉንም ሜዳ አስቀምጬ ሁለቱን ኮን አሳየኋቸው፤ ራሳቸው ተመላለሱ፣ ራሳቸው ቁጥሩን አዩ። ማንም አልሳቀም። ከመሐላቸው አንዱ «ሙዓዝ ቢኖር» ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

አንድ ልመና አለኝ። እርስዎም ድምጽዎን ይላኩለት። የእኔ ቃል እግሩን ነጻ ያወጣው ይሆናል፤ ቤት የሚመልሰው ግን የእርስዎ ነው። ዙበይዳ ስልኩን አፍዎ ላይ ትያዝልዎ፤ ሁለት ቃል ይበቃል። እስካሁን ካልላኩ ዛሬውኑ ያድርጉት።

ደሴ መጥቼ እጅዎን መያዝ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ መነኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፊትዎን ለማየት አፈርኩ።

ፈንታሁን


ደሴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ፈንታሁን

ከስማቸው ሰምተሃል። እኔም በእጄ ልጻፍልህ፤ ከሌላ አፍ ብቻ ሰምተኸው እንዳይቀር።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጀልባዋ ጥቅምት 2 ቀን የመን ዳርቻ ሊደርሱ ሲሉ ተገለበጠች። አቤን ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ሙዓዝን አላገኙትም። አካሉ ስለሌለ መስጊድ ሰላተል ጋኢብ ተሰገደለት። የእስላሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት ደጄ ላይ ተቀምጧል። አልሐምዱሊላህ፣ ብቻዬን አልተውኝም።

አቤ ከተሻለው በኋላ ደውሎ ለዙበይዳ የነገራትን እሷ አንድ በአንድ ጻፈችልኝ። እኔም እጽፍልሃለሁ፤ ያንተም ድርሻ አለበት።

ድምጽህ ደርሶታል። ይህን እወቅ። ሦስት ጊዜ ሰምቶታል። ሳቀ አሉ። ከዚያ ብድግ ብሎ እዚያ ዳርቻ ላይ ከእሱ ጋር ተጋድመው ጀልባ ለሚጠብቁት ሁሉ፣ ለማያውቁትም፣ «ዘጠኝ ከአራት መቶ! ሰማችሁ? ዘጠኝ ከአራት መቶ!» እያለ ይዞር ነበር። ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሲበላ አላየሁትም ብሏል አቤ።

ከበላ በኋላ «አባቴስ ሰማ?» አለው።

አቤ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ የእሱ ድምጽ የለበትም» አለው።

ሙዓዝ ስልኩን ተቀብሎ ሌላ የተላከ ነገር እንዳለ ፈለገ። የለም። «አባቴ ካላመነ የት እመለሳለሁ? ገብቼ ሠርቼ ልምጣ» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነፋሱ በረደ፤ ደላላው ተነሡ አላቸው።

ፈንታሁን፣ ያንን ድምጽ ዙበይዳ የላከችው እዚሁ ሱቄ ውስጥ ቆማ ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። «አንተም በል» ብላ በእጇ አመለከተችኝ። ወረቀትህን ካነበብኩ ወር ሊሆነኝ ነበር፤ ልጄ እንደሮጠ ካወቅኩ ወር ሊሆነኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። አባት ልጁን ይቅርታ የሚጠይቀው በስልክ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። የራሴን ድምጽ እንኳ አልሰማውም፤ ጮሄ ተናግሬ የተቆጣሁት ቢመስለውስ ብዬም ፈራሁ። «ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ» ብዬ እጇን መለስኩት። ያንተም ደብዳቤ «ዛሬውኑ ያድርጉት» ብሎ መጣ። የዚያኑ ዕለት አላደረግኩትም። በማግስቱም አላደረግኩትም። በየቀኑ ከሱብሒ ሰላት በኋላ የምለውን አዘጋጅ ነበር፤ በየቀኑ አሳምረው ነበር።

ስለዚህ አንተ ገደልኩት ብለህ እንዳትቀመጥ። አንተ ተሳሳትክ፣ ደግሞ ለካህ፣ ደግሞ ነገርከው። እሱ ሰምቶሃል፤ ስቆልሃል። ያልተነገረው የእኔ ነው። ቂም የለኝም፤ በአላህ ስም እምልልሃለሁ።

ስማቸው አንተ ልምምድ ማሠራት እንደተውክ ነግሮኛል። አትተው። ከእነዚያ ልጆች ነገ አንዱ መጥቶ «አይቆጥረኝም» ቢልህ የሚለካለት ሰው ያስፈልገዋል።

ለማጽናናት የጻፍከውንም ደብዳቤ ስማቸው ትናንት ሰጥቶኛል። አልከፈትኩትም። ከሐምሌ ጀምሮ ሃያ አምስት ኪሎሜትር መሐላችን አድርገን በወረቀት ስንነጋገር ቆየን፤ ይብቃን። ሐሙስ ና። ለቅሶው ላይ ሰው አለ ብለህ አትፈር፤ የሚነግሩህን እኔ አልሰማም፣ አንተም አትስማ። ምን እላለሁ ብለህም አትጨነቅ። ብትናገርም አልሰማህም። ዝም ብለህ ገብተህ አጠገቤ ተቀመጥ።

ዘይኑልአቢዲን